«ሀገር ሲረጋጋ» የሚባለው ሕጋዊ መልስ ነው?

የአዘዞዋ ጠየቀች

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ትዕግሥት ያለው ያንብብልኝ፤ የሕግ ሰው ካለ ደግሞ በተለይ እርሱን እጠብቃለሁ።

የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ለብዙ ዓመት የሠራሁት ሆቴል ውስጥ ነው፤ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ። የጎንደርን ውኃ የሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የአንገረብን ግድብ ደለል እየሞላው፣ የቧንቧው ተራ እየራቀ ቢሄድም ለእንግዳ «ውኃ የለም» አይባልም። ሮቶው ባዶ በሆነ ሳምንት በአንድ ባልዲ ሦስት መታጠቢያ ቤት አጥቤ አውቃለሁ። መጀመሪያ መስታወቱና እጅ መታጠቢያው፣ ቀጥሎ ገንዳው፣ ከዚያ ወለሉ፣ የቆሸሸው ውኃ ደግሞ በመጨረሻ ሽንት ቤቱ ላይ ይደፋል። ቅደም ተከተሉን ያዛባች ልጅ አንድ ክፍል ሳታዳርስ ባልዲው ያልቅባታል።

መጀመሪያ በ2012 ኮሮና መጣና እንግዳ ጠፋ። ተመልሶ ሳይደላደል በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም እኛ መጋረጃ አጥበን፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ አውጥተን መጠበቅ ጀመርን፤ የዚያ ዓመት ጥምቀት እውነትም ትንሽ ነፍስ ዘርተን ነበር። ከዚያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ክፍል የያዘው ሁሉ ሰረዘ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። እኔ ዶላር የማየው እንግዳ ትራስ ሥር ሲተውልኝ ብቻ ነው፤ ዘይት ሻጩ ግን ምንዛሬውን ከባንክ ቤት በላይ ይከታተላል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ዘንድሮ ሦስት ጉዳይ ይዤ ሦስት በር አንኳኳሁ፤ ከሦስቱም የወጣው መልስ አንድ ነው።

የመጀመሪያው ቀጣሪዬ ነው። የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ደመወዜ ሳይከፈለኝ ታኅሣሥ ሲገባ «ለጊዜው እረፍት አድርጊ» ተባልኩ። የቀረው ደመወዝ ለጥምቀት ይከፈላል ተባለ። ጥምቀት መጣ፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ወርደው ተመለሱ፤ ክፍሎቹም ያን ሰሞን ሞልተው ከረሙ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ስሄድ «ሀገር ሲረጋጋ አንቺን አንረሳም» አለኝ። ረስተኸኛል አላልኩትም፤ ያልኩት ክፈለኝ ነው።

ሁለተኛው የእናቴ ጉዳይ ነው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ዕድሜዋም ገፍቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮዋን በየዓመቱ ስከፍል ቆይቼ ዘንድሮ አቃተኝ። መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መንግሥት እንደሚከፍል ስለማውቅ ስሟን ላስመዘግብ ሄድኩ። «ኮታው ሞልቷል፣ በጀትም የለም፣ ሀገር ሲረጋጋ ይታያል።» እርግጥ ደብተሩ በእጃችን በነበረ ጊዜም ቢሆን መድኃኒት በሄድን ቁጥር አይገኝም፤ የማዘዣ ወረቀቱ ላይ «የለም» የሚል ማኅተም ይመታበትና ከውጭ ግዙ እንባላለን። መድኃኒቱ ያልቃል እንጂ የማኅተሙ ቀለም አልቆበት አያውቅም።

ሦስተኛው የልጄ ትምህርት ቤት ነው። አራተኛ ክፍል ናት፤ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው። የወላጅ መዋጮ ስላልከፈልኩ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርዷ ተያዘ። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠመኔ የምንገዛበት የለንም አሉኝ። ቀጥሎ ያችኑ ቃል ደገሟት፤ ሀገር ሲረጋጋ መዋጮው ይቀራል።

በሬዲዮ ሥራ፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ምግብ፣ መጠለያ የሰው ልጅ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ መብቶች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። እነዚህ መብቶች ሀገር ስትታመም አብረው የሚተኙ ናቸው? «ሀገር ሲረጋጋ» የሚለው መልስ በሕግ ፊት መልስ ይባላል? ካልተባለስ እኔ ነገ ጠዋት ተነሥቼ ምን ላድርግ?


የቀድሞ አስጎብኚ መለሰ

እህቴ፣ ሕመምሽ ሕመሜ ነው። ፋሲል ግቢን በሦስት ቋንቋ እየተረክሁ ቤቴን ያቆምኩ ሰው ዛሬ የወንድሜን ባጃጅ ከፒያሳ ማራኪ እያመላለስኩ ነው የማድረው። ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ። ካዝናው ለተራቆተ መንግሥት አንቀጽ ብትጠቅሺለት ገንዘብ አይፈጥርም። መጀመሪያ ሰላም፣ ቀጥሎ ገበያ፣ መብት ከዚያ በኋላ ነው። ግንቡ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ የቆመ ነው፤ የትም አይሄድም። መንገዱ ሰላም ሲሆን እንግዳው ይመጣል፣ ሆቴልሽም ይከፍልሻል። የበለጸጉት አውሮፓውያን እንኳን ሲቸግራቸው የአዛውንት ጡረታ ቆርጠዋል፤ እኛ ማን ነን? በዚህ ሰዓት ሕግ መጥቀስ የደላው ሰው ጨዋታ ይመስለኛል። አትቀየሚኝ።


የአዘዞዋ መለሰች

አልተቀየምኩም። ሰላምን ማን ይጠላል! ግን እናቴ ጠዋትና ማታ የምትወጋው ኢንሱሊን እርቅ እስኪወርድ አይጠብቃትም፤ ልጄም አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ አትኖረውም።

ገንዘብ የለም ያልከውን ደግሞ ልመልስልህ። በጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ ሲሞላ የወጥ ቤቱና የእንግዳ መቀበያው ሰዎች ውዝፋቸው ተከፍሏቸዋል፤ የመግቢያው በር ቀለምም ታድሷል። አልጋ የምናነጥፈው ሴቶች ብቻ ቀረን። ስለዚህ ገንዘብ ነበረ፤ ማን ይቅደም የሚለውን የወሰነ ሰውም ነበረ። በጤና መድኑም «ኮታው ሞላ» ሲሉኝ ማን እንደሞላው ስጠይቅ የሚነግረኝ ጠፋ። ባልዲው ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ፣ በትንሽ ባልዲ ነው የኖርኩት። የምጠይቀው ከየት ተጀምሮ የት እንደፈሰሰ ነው። ይህ የደላው ሰው ጨዋታ ከሆነ እኔ ደልቶኛል ማለት ነው።


መምህር ዘማራኪ መለሰ

ሕግ አስተምራለሁ። እርስዎ በባልዲ የገለጹትን ነገር እኛ ክፍል ውስጥ ለማስረዳት አንድ ሳምንት ይፈጅብናል።

የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀ ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። አንቀጽ 2 መንግሥት ባለው ሀብት መጠን፣ አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ አሟጦ፣ መብቶቹን ደረጃ በደረጃ እውን ያደርጋል ይላል። ብዙ ባለሥልጣናት ከዚህ ውስጥ «ደረጃ በደረጃ» የምትለዋን ይዘው የቀረውን ይተዉታል። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው 3ኛ አጠቃላይ ማብራሪያው በሩን ዘግቶባቸዋል። በዚያ መሠረት የማይነካ ዝቅተኛ ወለል አለ፤ እሱም መሠረታዊ ምግብ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና፣ መጠለያና መሠረታዊ ትምህርት ነው። መንግሥት ከዚህ ወለል በታች ሰው ከወደቀበትና ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ነው ካለ፣ ያለውን ሁሉ በቅድሚያ ለዚህ ለማዋል መጣሩን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። እጥረቱ የከፋ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ በአነስተኛ ወጪ የሚካሄዱ ድጋፎች ቀድመው ለደካሞች ሊደርሱ ይገባል ይላል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአስቸኳይ ጊዜ አንዳንድ መብቶችን ለማገድ የሚፈቅድ አንቀጽ አለው፤ ይህኛው ቃል ኪዳን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም።

ወደ ሀገር ቤት ስንመለስ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 አለ። ንኡስ አንቀጽ 3 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ሁሉም ዜጋ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይናገራል። ንኡስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ንኡስ አንቀጽ 5 አረጋውያንን በስም ይጠራል፤ እናትዎን ማለት ነው። ይህ አንቀጽ የተቀመጠው በምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም በመሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች ምዕራፍ ስለሆነ በአንቀጽ 13(1) በየደረጃው ያለ የሕግ አውጪ፣ የአስፈጻሚና የዳኝነት አካል ሁሉ የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት አለበት። አንዳንድ ሰዎች ከአንቀጽ 90 ጋር እያምታቱ «ይህ የፖሊሲ ዓላማ ብቻ ነው» ይላሉ። አንቀጽ 90 የፖሊሲ መርሖዎች በተዘረዘሩበት ምዕራፍ ዐሥር ውስጥ ነው፤ 41 ግን አይደለም።

ለአስጎብኚው ወንድሜ፦ አዎ፣ አውሮፓ ቆርጧል። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንንገረው። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2011 የ78 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ወስዳ ወጪዋን መቀነስ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 የሀገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የዚያን ዓመት በጀት መርምሮ የመንግሥት ሠራተኞችንና የጡረተኞችን የዓመት ዕረፍት አበል የሚያስቀረውን፣ ከሕሙማንና ከሥራ አጦች ድጎማ ላይ የሚቀንሰውን ድንጋጌ ውድቅ አድርጎታል። ቀውስ መኖሩን አልካደም፤ ሸክሙ ለምን በእነዚህ ሰዎች ጫንቃ ላይ ተመርጦ ይወርዳል ነው ያለው። የእርስዎ ሆቴል በር ቀለም ሲታደስ የእርስዎ ደመወዝ መቅረቱ ያው ጥያቄ ነው፣ በትንሹ።

አሁን ደግሞ መራራውን ልናገር። አንቀጽ 41ን ብቻ ይዘው ፍርድ ቤት ይሂዱ አልልዎትም። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ ዳኞቻችን ይህን አንቀጽ በቀጥታ መንካት ይፈራሉ። ጄኔቫ ላለው ኮሚቴ በግል አቤት ለማለት የሚያስችለውን ተጨማሪ ፕሮቶኮልም ኢትዮጵያ አላጸደቀችውም። ደፋር ዳኞች ባሉበት እንኳን ውጤቱ አዝጋሚ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አይሪን ግሩትቡም እ.ኤ.አ. በ2000 በሀገሯ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ስመ ጥር ፍርድ አስፈረደች፤ በከፋ ችግር ውስጥ ያሉትን የሚዘል የቤት ፕሮግራም ተገቢ አይደለም ተባለላት። ፍርዱ በየሀገሩ የሕግ ትምህርት ቤት ይነበባል። እሷ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ስትሞት የራሷ ቤት አልነበራትም።

ይሁን እንጂ «ሀገር ሲረጋጋ» ሕጋዊ መልስ አይደለም። ሕጋዊ መልስ «ያለን ይህን ያህል ነው፣ በዚህ መስፈርት ለእነዚህ ሰዎች ሰጠን፣ እርስዎ ያልገቡት በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ነው። መክፈል የማይችሉ ሰዎች መዋጮ በክልልና በወረዳ በጀት የሚሸፈነው፣ ስማቸውም ከቀበሌ ተመርጦ የሚላከው ሊቆጠርና ሊታይ እንዲችል ነው። የመድኑ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ነበረች፤ አሠራሩ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። የመረጣውን መስፈርትና ዝርዝሩን ይጠይቁ።


ጀበና መለሰች

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ፤ መምህር፣ እርስዎን ስላገኘሁ ልጠይቅ። መንገድ ዳር ቡና የምሸጥባት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ፤ ለልማት ትነሣለች ተብላ ፈረሰች። ካርታ ያላቸው ጎረቤቶቼ ስለ ካሣ ሲነጋገሩ እኔን «አንቺ ይዞታ የለሽም» አሉኝ። ረከቦቴን ተሸክሜ ወጣሁ። እኔም አንቀጽ አለኝ?


መምህር ዘማራኪ መለሰ

አለዎት፤ አንቀጽ 44(2)። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎችም ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው። አንቀጹ የይዞታ ካርታ ይኑራቸው አይልም። ችግሩ የካሣ ዐዋጁ፣ 1161/2011፣ የተጻፈው ሕጋዊ ባለይዞታን አስቦ ነው። ስለዚህ ለመሬቱ ካሣ አይጠይቁ፣ አያሸንፉም። ኑሮዬ ተነክቷልና ምትክ የመሥሪያ ቦታ ይሰጠኝ ብለው ይጠይቁ። ግብር የከፈሉበት ደረሰኝ ወይም የንግድ ፈቃድ ካለዎት ያያይዙ፤ ከሌለም በአካባቢው ለምን ያህል ጊዜ ይሠሩ እንደነበር የሚመሰክሩ ሰዎች ይዘጋጁ።


ጸሐፌ አቤቱታ መለሰ

የአዘዞዋ ልጄ፣ እኔ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። መምህሩ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። ቢሮ ውስጥ ግን ጄኔቫ ስትይ ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ሻይ ያዛል። እኔ የምነግርሽ የወረቀቱን መንገድ ነው።

ከሁሉ በፊት ሦስቱን ጉዳይ በአንድ ማመልከቻ አትጻፊ። ሰው ሆዱ ሲብስ ሁሉንም አንድ ላይ ያፈሰዋል፤ አንባቢው ደግሞ ከመካከሉ የማይመለከተውን አንዷን መርጦ «ይህ እኛን አይመለከትም» ብሎ ይመልሰዋል። አንድ ጉዳይ፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ጥያቄ።

ደመወዙን አስቀድሚ። ይህ ከሀገር መረጋጋት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ዕዳ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጁ፣ 1156/2011፣ የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ስላለፈ፣ ይቀራል። የመስከረሙ መጋቢት ሲያልቅ ያልፍብሻል። አንዳንድ ቀጣሪ «ታገሺ» የሚለው ለምን ይመስልሻል? ሁሉም ተንኮለኛ ነው አልልም፤ ቀኑን ግን ከአንቺ በላይ የሚቆጥር አለ።

ከዚህ የባሰ አስቸኳይ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ «እረፍት አድርጊ» የተባልሽው ነው። ምን ማለት ነው? ከሥራ ታገድሽ ነው ወይስ ተሰናበትሽ? ቀጣሪ በራሱ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ ሊያግድ ይችላል፤ ነገር ግን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። ስንብት ከሆነ ደግሞ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በሁለቱም መንገድ ብትቆጥሪው የካቲት መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፤ ታግጃለሁ ወይስ ተሰናብቻለሁ፣ የሦስት ወር ደመወዜስ የሚከፈለኝ በየትኛው ቀን ነው። ዕዳው እንዳለ አምኖ በጽሑፍ ከመለሰልሽ ይርጋው ይቋረጣል። ዝም ካለ ደግሞ መልስ እስኪሰጥሽ አትጠብቂ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አመልክቺ፣ ክስሽንም ለሥራ ክርክር ችሎት አስገቢ። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ገንዘብ የለኝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

በዚያው እግርሽ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ መዋጮሽ ገቢ መደረጉን አጣሪ። በ1268/2014 ዐዋጅ ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ከደመወዝ መክፈያው ላይ የተቆረጠ፣ ከፈንዱ ግን ያልደረሰ ገንዘብ አይቻለሁ።

የእናትሽን ማመልከቻ በሕመሟ አትጀምሪው። ሁሉም ሰው በሕመም ነው የሚጀምረው፤ የሚያነበው ሰው ደንዝዟል። «መክፈል ከማይችሉ ነዋሪዎች ዝርዝር ውስጥ እንድትካተት የቀረበ ጥያቄ» ብለሽ ጉዳዩን በአርእስቱ አስቀምጪ። ቀጥሎ ዕድሜዋን፣ ገቢ እንደሌላት፣ የቀድሞውን የመድን ደብተር ቁጥርና ያለብሽን ሥራ ማጣት በአጭሩ። የሐኪም ማስረጃውን ቅጂ አያይዢ። ከዚያ ጥያቄው፤ ትካተት፣ የማትካተት ከሆነ የመረጣው መስፈርትና ያልተካተተችበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልኝ። አንቀጽ 41ን ከፈለግሽ በመጨረሻው መስመር፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ወረቀቱን ለምታውቂው ሰው በእጁ አትስጪ፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መዝገብ ቤት አስገቢና በቅጂሽ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። መዝገብ ቤቷ «ኃላፊው ካላየው አልቀበልም» ካለችሽ አትጣዪ፤ ፖስታ ቤት ወርደሽ በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላኪው፣ ደረሰኙ ይበቃሻል። ይህች ደረሰኝ ባለጉዳይ ሁሉ የሚንቃት፣ ዳኛ ግን የሚወዳት ወረቀት ናት።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ርእሰ መምህሩን አትክሰሺ፤ እንደነገርሽን ሰውየው ራሱ ተቸግሯል። ካርዱ በመዋጮ ምክንያት የተያዘ መሆኑን ጠቅሰሽ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጻፊ። መዋጮ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፣ የልጅ ውጤት በመያዣነት ማስቀመጥ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ወረቀት ሳይመጣበት በስልክ የሚያልቅ ስለሆነ አትፍሪ።

መልስ ከጠፋ ሁለት በር አለ፤ የዕንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን። ሁለቱም በ1992 በወጡ ዐዋጆች የተቋቋሙ ናቸው፣ ባሕር ዳር ላይ ቢሮ አላቸው፣ ለአቤቱታ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚሰጡት የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ከእነሱ «ማብራሪያ ስጡ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ኃላፊ ፋይል ማስፈለግ ይጀምራል። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ መምህሩ ትሕትና ይዟቸው ነው መሰለኝ ያልነገሩሽ።


የቀድሞ አስጎብኚ መለሰ

መጀመሪያ ሰላም የሚለውን አሁንም አልለቅም። ግን ይህን የስድስት ወር ነገር ማን ነገረን? በ2015 መጨረሻ ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ያልተከፈለኝ የቀን አበል ነበር። እሱ እንግዲህ የውኃ ሽታ ሆኗል። ባልደረቦቼ ግን ዘንድሮ የቀረባቸው ስላለ ጽሑፉን ልኬላቸዋለሁ።


የአዘዞዋ መለሰች

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ወር በቴሌግራም «የሦስት ወር እንዳለብን አውቃለሁ፣ እባክሽ ታገሺን» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ይህ በጽሑፍ ማመን ይባላል? ወረቀት ላይ ካልሆነ ዋጋ የለውም?


ጸሐፌ አቤቱታ መለሰ

አትሰርዢው፣ ስልኩንም እንዳትቀይሪ። ከእነ ስሙ፣ ከእነ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይ መልኩ አሳትሚና ከክሱ ጋር አያይዢው። ሚዛኑን የሚሰጠው ዳኛው ነው፤ ባዶ እጅ ከመቅረብ ግን በብዙ ይሻላል። እንዲያም ሆኖ ማኅተም ያለበትን ወረቀት መጠየቅሽን አትተዪ፣ የይርጋውንም ቀን በቴሌግራሙ ተማምነሽ አታሳልፊ።

ደግሞ ክሱ ላይ የሆቴሉን ስም ከበሩ ሰሌዳ ላይ እንዳትገለብጪ። በንግድ ፈቃዱ ላይ እንደተጻፈው ጻፊ፤ ከሌለሽ ከደመወዝ መክፈያው ወይም ከሥራ ውልሽ ላይ ታገኚዋለሽ። ሁለቱ የሚለያዩበት ቤት ብዙ ነው፤ «እንዲህ የሚባል ድርጅት የለም» ተብሎ ጥሪ ሳይደርስ የሚመለስበት መዝገብ ጥቂት አይደለም።